የማያድገውን ቀለህ መከርከም

ጥይት ከአራት ነገሮች የሚገጣጠም ዕቃ ነው፤ እነርሱም ዒላማውን የሚመታው አረር፣ አረሩን የሚገፋው ባሩድ፣ ባሩዱን የሚለኩሰው ከቂጡ የተሰካ ትንሽ ቆብ፣ ሦስቱንም አቅፎ የሚይዘው ቀለህ ናቸው። ቃታ በተሳበ ቁጥር አረሩ ወደ ሄደበት ይሄዳል፣ ባሩዱ ጭስ ሆኖ ይበናል፣ ቆቡም ተቀጥቅጦ ዋጋ ያጣል፤ ቀለሁ ግን ገና ሳይበርድ በባለቤቱ እጅ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ፣ ቁጠባውም ጌጡም አባዜውም፣ ይህን የቀረ ነገር ለመጣል አንጀት ከማጣት የተወለደ ነው።

ቀለህ የሚሠራበት ናስ ከመቶው 70 እጁ መዳብ፣ 30 እጁ ዚንክ የሆነ ቅይጥ ሲሆን፣ ለዚህ ሥራ የተመረጠውም መለጠጥንም መሰብሰብንም ስለሚያውቅበት ነው። ባሩዱ ሲነድ የሚፈጠረው ጋዝ የቀለሁን ግድግዳ ከጉርሻው ግድግዳ፣ ማለትም ጥይቱ ከሚቀመጥበት ጉድጓድ ዙሪያ ጋር አጣብቆ እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ ይዘጋል፤ ግፊቱ እንዳለፈ ደግሞ ናሱ በመጠኑ ተሰብስቦ በቀላሉ ይወጣል። በዚህ ጠባዩ የተነሳ አንድ ቀለህ፣ በተለይ ግፊቱ ለስላሳ የሆነ የሽጉጥ ቀለህ፣ አፉ እስኪሰነጠቅ ድረስ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ሊሞላ ይችላል፤ ይህም ሥራ በሠለጠነው ዓለም የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ሆኖ የራሱን መሣሪያ፣ የራሱን ሥርዓትና የራሱን መናፍቃን አፍርቷል።

ከነዚህ ትርፍ ጊዜኞች መካከል በጥንቃቄያቸው የሚታወቁት የካውቦይ ተኩስ ተጫዋቾች ናቸው። ካውቦይ ማለት ከብት ነጂ ማለት ቢሆንም በዚህ ጨዋታ ከብት የለም፤ እ.ኤ.አ. በ1987 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በካሊፎርኒያ የተመሠረተው ሲንግል አክሽን ሹቲንግ ሶሳይቲ የተባለው ማኅበር ባወጣው ደንብ መሠረት ተጫዋቹ የ19ኛውን መቶ ዓመት የአሜሪካ ምዕራብ ልብስ ለብሶ፣ ሁለት ተሽከርካሪ ሽጉጦች፣ አንድ በእጀታ የሚጎረስ ጠመንጃና አንድ የአደን ጠመንጃ ይዞ፣ በሰዓት እየተለካ የብረት ሰሌዳ ይመታል። ሽጉጦቹ መምቻቸው በአውራ ጣት ወደ ኋላ ተስቦ ካልቆመ በስተቀር ቃታቸው የማይሠራ፣ አርአያቸውም በ1873 የወጣው ኮልት ነው። አባል የሆነ ሁሉ ከሌላው አባል ጋር የማይጋጭ የቅጽል ስም አውጥቶ ማስመዝገብ ግዴታው ነው፤ ይህ ደንብ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንም፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ሀብተ ጊዮርጊስም አባ መላ ተብለው የተጠሩበት የፈረስ ስም ማለት ነውና፤ ልዩነቱ በካሊፎርኒያው ደንብ ፈረሱ ግዴታ አለመሆኑ ብቻ ነው።

የሽጉጡ ሰሌዳ ብዙውን ጊዜ በአራቱም ጎኑ 40 ሴንቲሜትር ገደማ ሆኖ ከተኳሹ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሜትር ርቀት ላይ ይቆማል። በጥምቀት ሎሚ መወርወር የለመደ ጎረምሳ ይህን የሚያህል ዒላማ ከዚህ ርቀት ቢስት ኖሮ ሚስት ባላገኘ ነበር። ጨዋታው ግን ዒላማውን በማግኘት ሳይሆን ቶሎ በማግኘት የሚዳኝ ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ ስህተት አምስት ሰከንድ እየተጨመረ የጠቅላላው ሰዓት ይደመራል። እዚህ ላይ ትኩረት የሚያሻው ነገር፣ ሰሌዳው የግድግዳ ሰዓት ሁለት እጥፍ ያህል ሆኖ ሳለ፣ ያንን ሰሌዳ የሚመታውን ጥይት የሚያዘጋጀው ሰው ከቀለሁ አፍ ላይ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ለመቁረጥ ሙሉ ቅዳሜውን መሠዋቱ ነው።

የሥራው ሥርዓት ቅደም ተከተል አለው። ቀለሁ መጀመሪያ ከተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወይም ከዋልነት ቅርፊት ጋር በሚንቀጠቀጥ ገንዳ ውስጥ እየታሸ ይጠራል፤ ቀጥሎ ጠንካራ ቀለበት ባለው መጭመቂያ ውስጥ ገብቶ የተለጠጠው ግድግዳ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል፣ የተቀጠቀጠው ቆብም በመርፌ ተገፍቶ ይወድቃል። ልምድ ያለው ሰው በዚህ መካከል አንድ እፍኝ ቀለህ በመዳፉ ይዞ ያንቀጫቅጫል፤ ጤነኞቹ ጥርት ያለ የናስ ድምፅ ሲሰጡ አፉ ከፀጉር በምትቀጥን መስመር የተሰነጠቀው ግን እንደ ሰባራ ገል ስለሚንኳኳ፣ ዓይን ያላየውን ጆሮ ያወጣዋል። ከዚያ ካሊፐር የተባለው መለኪያ ይመጣል፤ አርባ አምስት ኮልት የተባለው ጥይት ቀለህ ከ32.6 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ስለተወሰነ፣ የበለጠው ትንሽ የመላጫ ጥርስ ባለው መከርከሚያ ይከረከማል፣ ከተከረከመም በኋላ ጠርዙ እንዳይቧጥጥ ከውስጥም ከውጭም ይሞረዳል።

የዚህ ሁሉ አስቂኝነት ያለው ቀጥ ያለ ግድግዳ ያለው የሽጉጥ ቀለህ በአብዛኛው የማያድግ በመሆኑ ላይ ነው። የሚያድገው አንገቱ የጠበበ፣ ግፊቱ የበረታ የጠመንጃ ቀለህ ነው፤ በእርሱ ውስጥ ናሱ በእያንዳንዱ ተኩስ ወደ አንገቱ ስለሚፈስ ካልተከረከመ አደጋ ያመጣል። ለስላሳ ግፊት ያለው የሽጉጥ ቀለህ ግን እየተተኮሰ ሲሄድ ባለበት ይቆያል ወይም በጥቂቱ ያጥራል። ስለዚህ ከርካሚው በየወሩ ካሊፐሩን ይዞ የሚለካው ነገር እያረጀ የሚያጥር ሽማግሌ ነው ማለት ይቻላል።

መከርከሙ ሙሉ በሙሉ ከንቱ ነው ማለት ግን ደግሞ ፍርድ ማጣመም ይሆናል። ተሽከርካሪ ሽጉጥ በተተኮሰ ቁጥር ወደ ኋላ ስለሚመታ፣ ጥይት በሚይዘው ማሽከርከሪያ ሌሎች ጉድጓዶች ተራቸውን የሚጠብቁት ጥይቶች አረር ቀስ በቀስ ወደ ፊት እየተጎተተ ከማሽከርከሪያው አፍ ብቅ ይላል፣ ያን ጊዜ ማሽከርከሪያው ተቀርቅሮ ይቆማል። ይህን ለመከላከል የቀለሁ አፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ በአረሩ ወገብ ዙሪያ ከተቀደደው ቦይ ይነክሳል፤ ቀለሆቹ እኩል ካልሆኑ ረጅሙ ከመጠን በላይ ሲታጠፍ አጭሩ ደግሞ ሳይነክስ ይቀራል። እንግዲህ ከልዩ ልዩ ፋብሪካ የተሰበሰበ ቀለህ አንድ ጊዜ ተከርክሞ እኩል መደረጉ የጥበብ ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ክርከማ ጥንቃቄ ነው ቢባል ያስኬዳል፤ ሦስተኛው ግን ጥፍሩን ቆርጦ የጨረሰ ሰው መቀሱን ማስቀመጥ ሲያቅተው የሚሆነው ነው።

እውነተኛው አደጋ ያለው ከርዝመቱ ሳይሆን ከባሩዱ ነው። ባሩድ የሚለካበት ግሬይን የተባለው መስፈሪያ ከእህል ቅንጣት የመጣ ሆኖ 0.065 ግራም ያህል ይመዝናል፤ አርባ አምስት ኮልት በተፈጠረበት ዘመን ቀለሁ 40 ግሬይን፣ ማለትም 2.6 ግራም ገደማ ጥቁር ባሩድ እንዲይዝ ተሠርቶ ነበር። የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ ጉልበቱ ብዙ፣ መጠኑ ጥቂት ስለሆነ የቀለሁን ታች ብቻ ሸፍኖ ይቀራል፤ በዚህም የተነሳ ሐሳቡ የተበተነ ሰው ሁለት ጊዜ ቢጨምርበት ከላይ ሲታይ ምንም የሞላ አይመስልም፣ ሽጉጡን ግን ሊያፈነዳው ይችላል። ርዝመት በመለካት ዓይኑን ያደከመ ሰው የእያንዳንዱን ቀለህ ሆድ በባትሪ ማየት ቢረሳ ጥንቃቄውን የተሳሳተ ቦታ ላይ አውጥቷል ማለት ነው።

ይህ ጨዋታ ከአሜሪካ ውጭ አገር ቢፈልግ ኖሮ ከናይሮቢ የተሻለ ማግኘቱ ያጠራጥራል። የኡጋንዳ ባቡር ሐዲድ በ1899 ረግረጉ ላይ ደርሶ የዕቃ ማከማቻ ሰፈር ሲተከል የተወለደችው ከተማ፣ በመጀመሪያ ዘመኗ የእንጨትና የቆርቆሮ ቤት፣ የጭቃ መንገድና የታጠቀ ፈረሰኛ የሞላባት ነበረች፤ በ1904 መጨረሻ በተከፈተው ኖርፎክ ሆቴል ዙሪያ ነጭ ሰፋሪዎች ሞቅ ሲላቸው የመንገድ ፋኖስ በሽጉጥ ያጠፉ እንደነበር ይነገራል። የሚገርመው ደግሞ እውነተኛ ከብት ነጂም መጥቶባታል፤ በ1880ዎቹ በዳኮታ ምድር ከብት ያረባው ቴዎዶር ሩዝቬልት የፕሬዝዳንትነት ዘመኑን እንደጨረሰ ሚያዝያ 1909 ሞምባሳ ወርዶ፣ በባቡሩ ፊት ለፊት በተሠራለት መቀመጫ ተቀምጦ አራዊቱን እያየ ወደ ናይሮቢ ወጣ። ከልጁ ከከርሚት ጋር በዚያ ጉዞ የገደሏቸው እንስሳት 512 እንደሆኑ ራሱ ቆጥሮ ጽፏል። የተኮሰው ግን የፋብሪካ ጥይት ነው፤ ዳኮታ ላይ ላም የነዳ ሰው ቀለህ ሲከረክም አልታየም፣ መከርከሙ የመጣው ላም ነድተው ከማያውቁት ነው።

ሩዝቬልትን በጁጃ እርሻው ያስተናገደው ዊልያም ኖርትራፕ ማክሚላን ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የሚያገናኘው ነገር ስላለ በዚህ ቢጠቀስ አግባብ ነው። ይህ አሜሪካዊ ባለጸጋ በ1903 ከዳግማዊ ምኒልክ ፈቃድ አግኝቶ በዓባይ ወንዝ በጀልባ እወርዳለሁ ብሎ ተነሣ፣ ዓባይም ጀልባዎቹን ገና ከመነሻው ሰባበራቸው፤ ከዚህ በኋላ ውሃ ይቅርብኝ ያለ ይመስላል፣ ኬንያ ገብቶ መሬት ያዘ። በስሙ የተሠራውና በ1931 የተከፈተው ቤተ መጻሕፍት ሁለት የድንጋይ አንበሶች ደጁን እየጠበቁለት ዛሬም በናይሮቢ መሃል ከተማ ይገኛል።

በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት ናይሮቢ የአዳኞች መናኸሪያ በሆነች ጊዜ እንኳ ቀለህ የመሙላት ችግር የደረሰው ዘግይቶ ነው። የትላልቆቹ የዝሆን ጠመንጃዎች ጥይት ይመጣ የነበረው ከእንግሊዙ ከካይኖክ ፋብሪካ ነበር፤ ፋብሪካው በ1960ዎቹ ይህን ዓይነቱን ጥይት እየተወ ሲሄድ የውድ ጠመንጃ ባለቤቶች እያንዳንዷን ቀለህ እንደ ውርስ ዕቃ መጠበቅ ጀመሩ። የኬንያ መንግሥት በ1977 የአራዊት አደንን ሲከለክል ግን የጥይት እጥረቱ በአንድ ቀን ተቃለለ።

የዛሬዪቱ ናይሮቢ ስሟን የሰጠችው ለሽጉጥ ዓይነት ሳይሆን ለሽጉጥ መቆጣጠሪያ ነው፤ የታላላቅ ሐይቆች አካባቢና የአፍሪካ ቀንድ አገሮች፣ ኢትዮጵያም ጭምር፣ ቀላል የጦር መሣሪያን ለመቆጣጠር ሚያዝያ 2004 የፈረሙት ስምምነት የናይሮቢ ፕሮቶኮል ይባላል። ኅዳር 2016 ከከተማዋ ወጣ ብሎ በንጎንግ 5,250 ሕገወጥ የጦር መሣሪያዎች በአንድ ክምር ተቃጥለዋል። ሕጋዊ ባለ ሽጉጥ መሆን የሚፈልግ ሰው ምዕራፍ 114 በተባለው የጦር መሣሪያ ሕግ መሠረት ከፈቃድ ሰጪው ቦርድ ወረቀት ያወጣል፣ በወረቀቱም ላይ ሽጉጡ ብቻ ሳይሆን ይዞት ሊገኝ የሚችለው የጥይት ብዛት ጭምር ይጻፋል፤ ባሩድ ደግሞ በራሱ በፈንጂዎች ሕግ፣ በምዕራፍ 115፣ የሚታይ ነገር ነው።

በዚህ ሁኔታ የአሜሪካው ከርካሚ ልማድ ወደ ናይሮቢ ቢዛወር ምን እንደሚመስል ማሰብ አያዳግትም። ኢስሊ ወይም ኪሊማኒ በሚገኝ የኪራይ ፎቅ፣ አራተኛ ቤት ላይ፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት የብረት መጭመቂያ ቀጭ ቀጭ ሲል የሰማ ጎረቤት ዘበኛውን ይጠራል፤ ዘበኛው በሩን ሲያንኳኳ ባለቤቱ ጠረጴዛው ላይ ሚዛን፣ የባሩድ ቆርቆሮና አምስት መቶ ቀለህ ዘርግቶ፣ በዶለዶመ ስዋሂሊ «ወንድሜ፣ ጨዋታ እኮ ነው፣ ርዝመታቸውን እያስተካከልሁ ነው» ብሎ ያስረዳል። ማስረጃው እውነት ነው፤ እውነት በመሆኑ ግን ያን ሌሊት ቤቱ ያድራል ማለት አይደለም። በአጭሩ ናይሮቢ ላይ ቀለህን በቤት ውስጥ መሙላት ከዕደ ጥበብ ይልቅ ለጠበቆች ሥራ የሚከፍት ሙያ ነው።

የስፖርት ተኳሽ የለም ለማለት አይደለም፤ ከናይሮቢ በስተሰሜን በኪያምቡ፣ ኪሪጊቲ በሚገኘው የተኩስ ሜዳ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ይለማመዳሉ፣ ይወዳደራሉም። አብዛኞቹ ግን የሚይዙት ቀለሁን ራሱ እየወረወረ የሚጎርሰውን ሽጉጥ ስለሆነ፣ ናሱ ትከሻቸውን አልፎ ሣር ውስጥ ይገባል። በዚህ ረገድ ተሽከርካሪው ሽጉጥ ጨዋ ነው፤ የበላበትን ሳህን አይወረውርም፣ ቀለሆቹን አቅፎ ይቆይና ባለቤቱ አንድ በአንድ መርጦ እንዲያወጣቸው ይተዋቸዋል።

ቀለህ በችግር ሲሞላ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ግን ከካሊፎርኒያ ይልቅ ወደ ኢትዮጵያ ማየት ይሻላል። ዛሬ የአሜሪካ ተጫዋቾች ሁሉ የሚገለገሉበት፣ ከቀለሁ ቂጥ መሃል ባለ አንድ ቀዳዳ በመርፌ ተገፍቶ የሚወጣው ቆብ የተፈለሰፈው በእንግሊዛዊው መኮንን በኤድዋርድ ቦክሰር ነው፤ አሜሪካዊው ሃይራም በርዳን የፈለሰፈው ሌላው ቆብ ደግሞ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ስላሉት ለመሙላት የማይመች ሆኖ ሳለ አውሮፓ ውስጥ ተስፋፋ፤ ሁለቱ ሰዎች አገር የተለዋወጡ ይመስላል። የቦክሰር ጥይት በስናይደር ጠመንጃ ሆኖ በትልቅ ዘመቻ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈተነው ሚያዝያ 1868፣ በመቅደላ ሥር በአሮጌ ሜዳ፣ በአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ላይ ነበር። ቀለህ የሚሞላ የካውቦይ ተጫዋች ቆቡን በመርፌ በገፋ ቁጥር ሳያውቀው ከዚያ ቀን ጋር የተያያዘ ሥራ ይሠራል።

ከዚያ ወዲህ ስናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር እያለ በገባው መሣሪያ ምክንያት ጥይት በኢትዮጵያ ገበያ ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን እንደ ገንዘብ የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር። ገንዘብ የሆነ ነገር አይጣልምና የተተኮሰውም ቀለህ ይለቀም ነበር፤ የውጅግራው ወፍራም ቀለህ ከድኝ፣ ከከሰልና ከአፈር ከሚወጣ የባሩድ ጨው በተቀመመ የአገር ባሩድ እየተሞላ፣ አረሩም ከእርሳስ እየቀለጠ ይፈስ ነበር። ከ1936 እስከ 1941 በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን በየጫካው የነበሩ አርበኞችም ጥይት የሚልክላቸው ፋብሪካ ስላልነበራቸው በዚሁ ጥበብ ተገልግለዋል። ከነዚህ ሰዎች መካከል ካሊፐር የያዘ አልነበረም፤ ጥይቱ ጉርሻው ውስጥ ገብቶ መዝጊያው ከተዘጋ ርዝመቱ ልክ ነው፣ ካልተዘጋም በሞረድ ልክ ይሆናል። የካሊፎርኒያው ተጫዋች ይህን የድሃ ጥበብ በውድ ዕቃ ይኮርጃል፤ መጭመቂያውን፣ ሚዛኑን፣ ማጥሪያውንና መከርከሚያውን ከገዛ በኋላ በእያንዳንዱ ጥይት ላይ ሳንቲም ያተርፋል፣ ያተረፈውንም ለባለቤቱ አስልቶ ያሳያታል፣ ከዚያም ጥይቱ ረከሰ ብሎ ሁለት እጥፍ ይተኩሳል።

የቀለህ ናስ ከተኩስ ሌላም ሙያ አለው። በደቡብ ኦሞና በቱርካና አርብቶ አደሮች ዘንድ ባዶ ቀለህ ጌጥም የትምባሆ መያዣም ሆኖ ሲያገለግል፣ በአዲስ አበባ እንጦጦ ሥር ደግሞ ከገጠር የተሰበሰበ ቀለህ አቅልጠው ዶቃና የአንገት ጌጥ የሚያደርጉ ሴቶች አሉ። በናይሮቢ ኪቤራ የሚገኙት ጁዋ ካሊዎች፣ ማለትም ከመደብር ውጭ በፀሐይ ሥር የሚሠሩ የእጅ ባለሙያዎች፣ የሚያቀልጡት በአብዛኛው አሮጌ የውሃ ቧንቧ መክፈቻና የተበላሸ ጓጉንቸር ነው፤ ሥራው ግን አንድ ነው። ከሰሉ በማራገቢያ ይነፋል፣ ናሱ በማቅለጫው ውስጥ ይቀላና ይፈስሳል፣ እሳቱ ከበዛ ደግሞ ዚንኩ ነጭ ጭስ ሆኖ ስለሚነሣ ባለሙያው ጭሱን ባየ ጊዜ ማራገቢያውን ያቆማል። ጌጡ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ይፈስና በሞረድ ተስተካክሎ ይወለወላል፣ ከዚያም የውጭ አገር ሰው ገዝቶት ይሄዳል።

በአርባ አምስት ኮልት ቀለህ ላይ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ቢከረከም የሚወድቀው ብናኝ አንድ ግራም መቶ ቦታ ተከፍሎ ከሚገኘው አንዱ እጅ ያህል ነው፤ እንግዲህ ሺህ ቀለህ የከረከመ ሰው ከጠረጴዛው ሥር የሚጠርገው አሥር ግራም ገደማ ናስ፣ ማለትም የአንድ ጥንድ ትንንሽ የጆሮ ጌጥ መሥሪያ ይሆናል። የኪቤራው አቅላጭ ግን ብናኝ አይወድም፤ እሳት ላይ ሳይቀልጥ ስለሚቃጠልበት ሙሉውን ቀለህ ይመርጣል፣ ሲገዛም በኪሎ እንጂ በሚሊሜትር አይጠይቅም።